ፈትቶ ስለ መግጠም፦ ከሸደር ግቢ የተገኘ ጥናት

የዚህ ጥናት መነሻ አንድ የተፈታ ላንድሮቨር ነው። የሚገኘው በሶማሌ ክልል፣ በአውበሬ ወረዳ፣ ሸደር ውስጥ፣ በአንድ መኖሪያ ግቢ፣ ከግራር ሥር፣ በአራት ድንጋይ ላይ ነው። ባለቤቱ ከዚህ ቀደም መኪና አድሶ አያውቅም። ለጥናቱ የተመረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አንዴ ያደሰ ሰው ሁለተኛ አያድስማና።

የጥንታዊ መኪና እድሳት ዘርፍ የመጀመሪያ ችግር የትርጉም ነው። ፊቫ የተባለው ዓለም አቀፍ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን አንድ መኪና ታሪካዊ ለመባል ቢያንስ 30 ዓመት የሞላው፣ በቀድሞ ይዞታው የተጠበቀና ለዕለት ተዕለት መጓጓዣ የማያገለግል መሆን አለበት ይላል። የዕድሜው መስፈርት በአገራችን ብዙ መኪና አይጥልም። የመጨረሻው ግን ሐረርን እንዳለች ይጥላታል። የሐረር መኪና ፔጆ 404 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ለገበያ ቀረበ፤ ቅርጹን ፒኒንፋሪና ነደፈው፤ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ በ1963፣ ከዚያም ከ1966 እስከ 1968 በተከታታይ አሸነፈ፤ በ1975 ፈረንሳይ ውስጥ መመረቱ ቀረ። ይህ የመጨረሻው ዜና ሐረር አልደረሰም። ከተማዋ ፔጆውን ታክሲ አድርጋ ተሳፋሪውን ከነዘንቢሉ ስትጭንበት ኖራለች። የሐረር ሹፌር መኪናውን አድሶ አያውቅም፤ ሳያቆም ይጠግነዋል እንጂ። ስለዚህ ሐረር በዚህ ጥናት የማነጻጸሪያ ቡድን ሆና ተመዝግባለች፦ እድሳት የሌለበት፣ መኪናውም የሚሄድበት።

አዲስ አበባ ያሉት አዳሾች በብዛት የሚያዘነብሉት ወደ ቮልስ ነው። ምርጫቸው በሳይንስ ይደገፋል፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው አየር ስለሆነ የሚያፈስ ራዲያተር የለውም፣ አራት ቡሎን የፈታ ሰውም ሞተሩን አውርዶ መሬት ላይ ሊያየው ይችላል። ታሪክም አለው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በቮልስ የኋላ መቀመጫ ነበር። የዚያ መቀመጫ ጥበት ከዚያ ቀን ወዲህ በጥናት መረጋገጥ አላስፈለገውም።

ሕግ አውጪውም ዘርፉን ሳያስበው አግዞታል። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ፣ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚህም አገሪቱ በቅርስ ጥበቃ ረገድ ብዙ ሀብታም አገሮች ያልደፈሩትን እርምጃ ወሰደች፤ ገብቶ የነበረው የነዳጅ መኪና ሁሉ ከቆመበት ሳይንቀሳቀስ የቅርስነት ዕድሜውን መቁጠር ጀመረ።

ወደ ናሙናችን እንመለስ። ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1948 ነው። በዚያው ዓመት እንግሊዝ ኦጋዴንን ለኢትዮጵያ መለሰች፤ ሐውድን ግን እስከ 1955 ይዛ ቆየች። ከእንግሊዝ አስተዳደርና ከመኪናው በአካባቢው ረዥም ዕድሜ ያገኘው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ጥናት አያሻም። አካሉ ከአሉሚኒየም የተሠራው ከጦርነቱ በኋላ ብረት በኮታ ይታደል ስለነበር ነው። አሉሚኒየም አይዝግም፤ ሻሲው ግን ብረት ነው፤ ሁለቱ በእርጥበት ሲነካኩ ደግሞ አሉሚኒየሙ ይበላል። በእንግሊዝ ይህ ለአዳሾች ትልቅ ራስ ምታት ነው። በሸደር እርጥበቱ ለሰዉም ስለማይበቃ ለመኪናው የሚተርፍ አልተገኘም። ሻሲው ደህና ነው። የናሙናው ችግር ዝገት ሳይሆን ባለቤቱ መሆኑ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

የመኪናውን ዕድሜ ለመወሰን በመሪው አቀማመጥ ለመጠቀም ተሞክሮ ነበር። ኢትዮጵያ እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ስትነዳ ቆይታ ወደ ቀኝ ተሻግራለችና፣ መሪው በቀኝ ከሆነ ከዚያ በፊት የመጣ ነው የሚል መላምት ቀረበ። መላምቱ ድንበር ላይ ያለችው ወጫሌ ድረስ አልዘለቀም። ከድንበሩ ማዶ ሶማሊላንድ በቀኝ ይነዳል፤ አብዛኞቹ መኪናዎች ግን መሪያቸውም በቀኝ ነው፤ እነሱም ትናንት የገቡ ናቸው። ላንድሮቨር ራሱም አይመሰክርም፤ የፍጥነት መለኪያው መሃል ላይ የተተከለው ለሁለቱም ወገን እንዲያገለግል ታስቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 የተሠራው የሙከራ መኪናማ መሪው ጭምር መሃል ላይ ነበር። እኛ ያጠናነው መኪና መሪ በአሁኑ ሰዓት አልጋ ሥር ይገኛል።

የመሣሪያ ጉዳይ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይፈልጋል። በሸደርም ሆነ በጅግጅጋ በየሱቁና በየጎሚስታው የሚገኘው ቁልፍ ለቶዮታና ለአይሱዙ የመጣ፣ በሚሊ ሜትር የተለካ ነው። የላንድሮቨር ቡሎን ግን በኢንች ነው። 9/16 ኢንች ማለት 14.29 ሚሊ ሜትር ነው። 14 ቁጥር ቁልፍ አይገባም። 15 ቁጥር ይገባል፤ ይዞራልም፤ የማይዞረው ቡሎኑ ነው። ሙከራው ሲደጋገም የቡሎኑ ራስ ክብ ይሆናል፤ ክብ ቡሎን ደግሞ በኢንችም በሚሊ ሜትርም ስለማይፈታ በሁለቱ የልኬት ሥርዓቶች መካከል እርቅ ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ የመዶሻና የመሮ ነው።

ባትሪውም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. ከ1967 ገደማ በፊት የተሠሩ ላንድሮቨሮች ከሻሲያቸው ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ነው። በአካባቢው ባትሪ አስሮ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን ሲያይ ይደነግጣል፣ ከዚያም በቅንነት ያስተካክለዋል። ባለቤቱ ማታ ይመልሰዋል። ጠዋት ሌላ ቅን ሰው ይመጣል።

እዚህ ላይ ጥናቱ ዋና ግኝቱ ላይ ይደርሳል። በፈረንጅ አገር መኪና ማደስ የብቸኛ ሰው ሥራ ነው ይባላል፤ ጋራዡን ዘግቶ፣ ሬዲዮ ከፍቶ፣ ከሰው ተሰውሮ። በሸደር ግን መኪናው የአንድ ሰው፣ እድሳቱ የሰፈር ነው። ኮፈኑ የተከፈተ እንደሆነ አንድም ሰው ሳይጠራ ጉባኤ ይሞላል። በጉባኤው በደርግ ጊዜ ሹፌር የነበረ አለ፤ የአጎቱ ልጅ ሐርጌሳ መለዋወጫ የሚሸጥ አለ፤ ከሁሉ የሚበዛው መኪና ኖሮት የማያውቀው ነው፤ የሐሳቡ ጥራትም ከዚህ የሚመነጭ ይመስላል። ክርክሩ በሶማሊኛ ተጀምሮ፣ ዕቃዎቹ ሲጠሩ በጣሊያንኛ አልፎ፣ ሲጋጋል አማርኛ ይጨምራል።

«ወሪያ፣ እኔ ነግሬሃለሁ፣ ቴስታታው ነው።»

«አደር፣ ቴስታታው እኮ ገና አልተገጠመም።»

«እሱን ነው የምልህ።»

ጫቱ ከአወዳይ ሲደርስ ሥራው ከእጅ ወደ አፍ ይሸጋገራል። ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ወተት የገባበት ሻይ በፔርሙስ ይመጣል፣ ባለሽርጦቹ ትራስ ተደግፈው ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው ሰዓት ለካርብሬተሩ ይውላል። ምርቃናው ሲገባ ግን የንድፉ ስፋት ይጨምራል። ሞተሩ በአሳብ ይነሳል፣ መኪናው ጅግጅጋን አልፎ ካራማራን ማርሽ ሳይቀይር ይወጣል፣ ሐረር ላይ ፔጆዎቹን ይቀድማል። አመሻሹ ላይ ቱሪስት ወደ ባቢሌ ዝሆኖች የሚያመላልስ ድርጅት ተቋቁሞ፣ ሥራ አስኪያጁ ተመርጦ፣ በትርፍ ክፍፍሉ ላይ ሁለት ሰዎች ተኳርፈው ይለያያሉ። በዚያን ሰዓት የሚደረሰው የቴክኒክ ብቃት ጠዋት የሚደገም አይደለም። ጠዋት ከዕቅዱ ተርፎ የሚገኘው ገረባ ነው፤ እሱንም ፍየሎች ይጨርሱታል።

የመለዋወጫው ፍለጋ አጭር ነው፤ ሁሉም ወደ አንድ ምክር ይጠቃለላል። በሶማሌ ክልል እምብርት ተቀምጦ የላንድሮቨር ሴሚያክስ የጠየቀ ሰው «ሶማሌ ተራ ሂድ» ይባላል። ሶማሌ ተራ ያለው መርካቶ ነው፤ ከጅግጅጋ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ባለቤቱ ሄዷል። ሴሚያክስ ይዞ ተመልሷል። የፔጆ ነው።

የቤቱ እመቤት አቋም በጥናቱ ሂደት አልተለወጠም። የግራሩ ጥላ የእሷ ነበር። መኪናው ጥላውን ስለወሰደባት በምላሹ በሩ ላይ ልብስ ታሰጣለች፣ ጭቃ መከላከያው ውስጥ ዶሮ ታሳቅፋለች። የአረፋ ዕለት ደግሞ ከራዲያተሩ ፊት የሚገጠመውን የሽቦ መረብ አጥባ ሥጋ ጠበሰችበት። መረቡ ጠንካራ ነው፣ ልኩም ለፍም ተስማሚ ነው። ይህን የምንመዘግበው ከተፈቱት ክፍሎች ሁሉ ወደ ሥራ የተመለሰው እሱ ብቻ በመሆኑ ነው።

አንድ ሰው ከናሙናው እንዲወጣ ተደርጓል። በሸደር ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ የሶማሊያ ስደተኞች መጠለያ አለ። ከዚያ ከሚመጡት መሃል ሞቃዲሾ ውስጥ ዕድሜውን በሞተር ሥራ ያሳለፈ አንድ ሽማግሌ ይገኝበታል። ጉባኤው ጥግ ተቀምጦ ሻዩን ይጠጣል። አንድ ቀን፣ ክርክሩ ፋሻው ነው ወይስ ባልቦላው በሚለው ላይ ተጋግሎ ሳለ፣ ተነስቶ የአራቱን ካንዴላ ገመዶች ነቀለና 1፣ 3፣ 4፣ 2 በሚል ቅደም ተከተል መልሶ ሰካቸው። ካርብሬተሩን በእጁ መዳፍ ከደን አድርጎ ለባለቤቱ በዓይኑ ምልክት ሰጠው። ባለቤቱ የፊት ማስነሻውን ብረት አዞረ። ሞተሩ ተነሳ። ዕውቀት ያለው ተሳታፊ የጥናቱን ውጤት ስለሚያዛባ የሽማግሌው ድርሻ በስሌቱ አልተካተተም።

ሞተሩ በመነሳቱ ግቢው ውስጥ የደረሰው መደናገር ግን መዘገብ አለበት። ለጥቂት ደቂቃ ጸጥታ ሆነ። ከዚያ አንዱ ድምፁ ልክ እንዳልሆነ አስተዋለ። ሌላው ጭሱን ጠረጠረ። የቀድሞው ሹፌር ቴስታታው መከፈት እንዳለበት ደግሞ አሳሰበ። ጎማ የሌለው፣ መሪው አልጋ ሥር ያለ መኪና ወደ ጅግጅጋ ስንት ሰው እንደሚጭን ተቆጥሮ ቦታው አልበቃ አለ። ወዲያው ሞተሩ ጠፋ፤ ቅን ሰው ባትሪውን አስተካክሎት ነበር። ሁሉም እፎይ ብሎ ወደየትራሱ ተመለሰ።

በቀጣዩ ሳምንት ባለቤቱ ሁለተኛ ላንድሮቨር ገዛ። ለመለዋወጫ ነው ብሏል። ሁለተኛው በአይሱዙ ተጭኖ አልመጣም፤ ራሱ እየሄደ ግቢ ገባ። ጎማ አለው፣ መብራቱ ይበራል፣ ሊብሬውም ሙሉ ነው። የትኛው ለየትኛው መለዋወጫ እንደሚሆን በጉባኤው ገና አልተወሰነም፤ እስኪወሰን ግን ጊዜ እንዳይባክን ሁለተኛውም እየተፈታ ነው።