ትያጋራጃ ብሎ መጠየቅ አይበቃም

ደቡብ ህንድ ውስጥ፣ በተለይ ታሚል ናዱ፣ «ትያጋራጃ» ብሎ ለተጣራ «አቤት» ባዩ ብዙ ነው። አምላክ አለ፤ ዜማ ደራሲ አለ፤ የፊልም ተዋናይ አለ፤ ሐርና ወርቅ የሚሸጥበት ሰፈር ሳይቀር አለ። አንዱን ፍለጋ የወጣ ሰው ሌላው ደጅ ላይ ሊገኝ ይችላል። እኔ ላይ ደርሷል፤ በመንገዱ ያጣሁትንም ያገኘሁትንም ላውጋችሁ።

ለትምህርት ቼናይ ሳለሁ ቤት ያከራዩኝ ባልቴት ጠዋት ጠዋት ቡና እያፈሉ ሬዲዮ ይከፍታሉ። ቡናቸው ወተት የበዛበት ነው፤ ከብረት ብርጭቆ ወደ ጎድጓዳ የብረት ሳህን ከፍ ተደርጎ እየተገለበጠ አረፋ ያወጣል። «አማ» እላቸዋለሁ፤ እዚያ እናት የምትጠራው እንዲያ ነው። ከሬዲዮው የሚወጣው ካርናቲክ የሚባለው የደቡብ ህንድ ሙዚቃ ነው። «የማን ዜማ ነው?» ስላቸው «የትያጋራጃ ነዋ፣ ልጄ» ይሉኛል። አንድ ጠዋት ከግጥሙ መሃል ይህንኑ ስም ሰማሁና «ይኸም የእሱ ይሆን?» አልኳቸው። አማ ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ይኼ የዲክሺታር ነው። ስለ ትያጋራጃ ነው እንጂ የትያጋራጃ አይደለም።» አስረድተውኝ እስኪጨርሱ የሁለታችንም ቡና ቀዘቀዘ።

ያስረዱኝ እንዲህ ነው። ከቼናይ በስተደቡብ፣ የካቬሪ ወንዝ ወደ ባሕር ሊገባ ሲል ተበታትኖ በሚያጠጣው ለም ሜዳ ላይ ቲሩቫሩር የሚባል ከተማ አለ። የከተማው ጌታ ከሂንዱ አማልክት አንዱ የሆነው ሺቫ ነው፤ እዚያ የሚመለከው ግን ትያጋራጃ በሚል ስም ነው። በዚህ በአንድ ከተማ፣ በ15 ዓመት ገደማ ውስጥ፣ ሦስት ልጆች ተወለዱ፤ ሽያማ ሻስትሪ በ1762፣ ትያጋራጃ በ1767፣ ሙቱስዋሚ ዲክሺታር በ1770ዎቹ አጋማሽ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ የካርናቲክ ሙዚቃ ያለ እነዚህ ሦስት ሰዎች አይታሰብም። መካከለኛው በከተማው አምላክ ተሰየመ። እኛ ዘንድ በሚካኤል ቀን የተወለደ ልጅ ገብረ ሚካኤል ወይም ኃይለ ሚካኤል ይባላል፤ ከፊት የሚቆመው ቃል ልጁን ከመልአኩ ይለየዋል። እነሱ ዘንድ ግን ስሙ እንዳለ፣ ምንም ሳይጨመርበት ለሕፃኑ ይሰጣል። አምላኩም ትያጋራጃ፣ ልጁም ትያጋራጃ።

ነገሩን የሚያወሳስበው ፊርማው ነው። የካርናቲክ ዜማ ደራሲ ከግጥሙ መዝጊያ አካባቢ ስሙን ወይም መለያውን ያኖራል፤ ሙድራ ይሉታል። ዲክሺታር «ጉሩጉሃ» ይላል፤ ሻስትሪ «ሽያማ ክሪሽና» ይላል። ትያጋራጃ በገዛ ስሙ ይፈርማል። ዕድሜውን ሙሉ ከሁሉ አብልጦ የዘመረው ለራማ ነው፤ ራማ ደግሞ የሌላው አምላክ፣ የቪሽኑ፣ ሥጋ መልበስ ነው። ስለዚህ ለቪሽኑ የቀረበ ምስጋና በሺቫ ስም ይታተማል። ዲክሺታር በበኩሉ ለትውልድ ከተማው አምላክ ተከታታይ ዜማዎች ደርሷል፤ ትያጋራጃ የሚለውን ስም በሳንስክሪት ሰዋስው የስም እርባታ ሁሉ እያመላለሰ ጠርቶታል። እንግዲህ አንድ ሰው ሬዲዮ ከፍቶ ስሙን ሲሰማ፣ የደራሲ ፊርማ ነው ወይስ የአምላክ ውዳሴ? አማ መለያውን ሰጡኝ፦ «ቋንቋውን አዳምጥ።» ትያጋራጃ የኖረው በታሚል ተናጋሪዎች መሃል ቢሆንም አብዛኛውን የጻፈው በአፍ መፍቻው በቴሉጉ ነው፤ ዲክሺታር በሳንስክሪት። ከዚያ በኋላ ጆሮዬ እየተገራ ሄደ። ይህን የመሰለ መምህር ማግኘት መታደል ነው።

ጆሮ ቢገራም መንገድ አይገራም። በታኅሣሥና በጥር ቼናይ በሙዚቃ ትሞላለች፤ በየአዳራሹ ከጠዋት እስከ ማታ ዝግጅት አለ። አንድ ምሽት ለአንድ ባለ ባጃጅ የአዳራሹን አድራሻ አሳየሁትና የትያጋራጃ ዜማዎች የሚቀርቡበት ነው አልኩት። ስሙን ሲሰማ አድራሻውን አልተመለከተም። «ቲ. ናጋር!» ብሎ ፈተለከ። ቲ. ናጋር በሙሉ ስሙ ትያጋራያ ናጋር ነው፤ በቼናይ ዋነኛ ከሚባሉት የገበያ ሰፈሮች አንዱ ነው። የተሰየመውም ለአምላኩ ወይም ለዜማ ደራሲው አይደለም፤ በ1925 ላረፈው ፖለቲከኛ ለፒ. ትያጋራያ ቼቲ ነው። ሳሪ በሚያማርጡ ሴቶችና በወርቅ ቤቶች መብራት መሃል አወረደኝ። እዚያው ሰፈር ውስጥ ቫኒ ማሃል የሚባል አዳራሽ አለ፤ የአዳራሹ የሙዚቃ ማህበር የሚጠራው በዜማ ደራሲው ስም ነው። በፖለቲከኛው ሰፈር የዜማ ደራሲው ማህበር! ወዲያ ወዲህ ብዬ እዚያ ስደርስ ወንበሩ ሞልቶ በሩ ተዘግቶ ነበር።

ከአዳራሹ አለፍ ብሎ ከነበረው ሻይ ቤት ገባሁ። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ማንን ፈልጌ እንደመጣሁ ስነግራቸው ፊታቸው በራ። «ትያጋራጃ? እነሆ!» ብለው ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶግራፍ አሳዩኝ፤ ጸጉሩ ትከሻው ላይ የተኛ፣ ጆሮው ላይ ጌጥ ያደረገ መልከ መልካም ሰው። ኤም. ኬ. ትያጋራጃ ባጋቫታር ነበር፤ በ1910 የተወለደ፣ በታሚል ሲኒማ የመጀመሪያው ታላቅ ኮከብ የሚባል። ያኔ ተዋናይ በገዛ ድምፁ ይዘፍን ነበር፤ እሱን ወደ ፊልም ያመጣውም ድምፁ ነው። በ1944 የወጣው «ሃሪዳስ» በአንድ የማድራስ (የዛሬዋ ቼናይ) ሲኒማ ቤት ሦስት ዓመታዊ የዲፓቫሊ በዓላትን ተሻግሮ ታየ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን በአንድ ጋዜጠኛ ግድያ ተከስሶ ታሰረ። ለንደን የነበረው የበላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ካዘዘ በኋላ በ1947 ነፃ ተባለ። ከእስር ሲወጣ የቀድሞ ዝናው አልተመለሰለትም፤ በ1959 ሞተ። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ የገዛ ወንድማቸውን ሐዘን የሚያወሩ ይመስሉ ነበር። ሻዩንም አላስከፈሉኝም።

ትልቁ መንከራተት የመጣው በጥር ነው። ዜማ ደራሲው ትያጋራጃ ኖሮ ያረፈው ከታንጃቩር በስተሰሜን 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ቲሩቫይያሩ ነው። በየዓመቱ በሙት ዓመቱ በዓል ከመላው ደቡብ ህንድ ሙዚቀኞች ወንዙ ዳር ይሰበሰባሉ፤ ታላላቁም ጀማሪውም መሬት ላይ ተደርድሮ ቁጭ ብሎ፣ «አምስቱ ዕንቁዎች» የሚባሉትን ዜማዎቹን በአንድ ድምፅ ይዘምራል። ናታ፣ ጋውላ፣ አራቢ፣ ቫራሊ፣ ሽሪ በሚባሉ አምስት የተለያዩ ራጋዎች (የዜማ ስልቶች) የተደረሱ ናቸው። እኔና አንድ የሀገሬ ልጅ ይህን ለመስማት ሌሊቱን በባቡር ተጉዘን ንጋት ላይ ታንጃቩር መናኸሪያ ደረስን።

ግርግር ነው። ጓደኛዬ አንዱን ረዳት «ትያጋራጃ፣ ቲሩቫይያሩ» አለው። ረዳቱ የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ይዞ ሻንጣችንን ነጠቀና አውቶቡስ ውስጥ ወረወረ፤ ተከተልነው። ትኬቱ በታሚል ፊደል የተጻፈ ነው። ሩዝ ማሳው፣ የኮኮናት ዛፉ፣ የቤተ መቅደሱ ማማ እያለፈ ሄደ። 13 ኪሎ ሜትር ካለቀ ቆይቷል። «ወንድሜ፣» አለኝ ጓደኛዬ፣ «ወደ ሰሜን ነው የምንሄደው አላልክም? ፀሐይዋ እኮ ከፊታችን ናት።» አጠገባችን የተቀመጡ ጡረተኛ መምህር ሰሙን፤ በእንግሊዝኛ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁን። ስንነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ታምቢ፣ ይኼ የቲሩቫሩር አውቶቡስ ነው። ትያጋራጃ ብላችሁ ነዋ! እሱማ አምላኩ ጋ ወሰዳችሁ።» ታምቢ ታናሽ ወንድሜ ማለት ነው። ለመመለስ አውቶቡስ እስኪገኝ አምስቱ ዜማዎች እንደሚያልቁ ገባን። ጓደኛዬ እንባው መጣ፤ ለዚህ ጉዞ ገንዘብ ሲያጠራቅም ነው የከረመው።

መምህሩ አልተለዩንም። «ሳር» (ጌታዬ እንደ ማለት ነው) እያልን ተከተልናቸው። ቤተ መቅደሱ ከተማ ያህላል፤ ከጎኑ ያለው የውሃ ገንዳም ከግቢው አያንስም። ሂንዱ ያልሆነ ወደ ውስጠኛው መቅደስ ስለማይገባ ሳር ገብተው ወጡና ያዩትን ነገሩን። ምስሉ ሺቫ፣ ሚስቱ ኡማና በመካከላቸው ሕፃኑ ስካንዳ ያሉበት ነው፤ ነገር ግን አካሉ በጨርቅና በአበባ የተሸፈነ ስለሆነ የሚታየው ፊት ብቻ ነው። እግሩ ለሕዝብ የሚገለጠው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። ትረካው እንደሚለው ይህ ምስል ቀድሞ ባሕር ላይ በተኛው በቪሽኑ ደረት ላይ ነበር፤ ቪሽኑ ሲተነፍስ ከፍ ዝቅ ይል ነበርና ያ መወዛወዝ የትያጋራጃ ጭፈራ ሆነ። ለዚህ ነው ለዑደት ሲወጣ ተሸካሚዎቹ እያወዛወዙ የሚሄዱት። ሳር ትከሻቸውን እያነቃነቁ አሳዩን። በአንደኛው አዳራሽ ጣራ ላይ ይኸው ታሪክ በቀለም ተሥሏል፤ አርጅቶ ቢፈዝም በትረካው ያለው ንጉሥ ሙቹኩንዳ ምስሉን ወደ ቲሩቫሩር ሲያመጣው ይታያል። ቤተ መቅደሱ አምስት አፍ ያለው ትልቅ ከበሮም አለው። ቅርጹ፣ ሥዕሉ፣ ጭፈራው፣ ከበሮው ሁሉ የአንዱ ትያጋራጃ ነው። የዜማ ደራሲው የተወለደበት ቤትም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ቲሩቫይያሩ የደረስነው መሽቶ ነው። አምስቱ ዜማዎች አልቀዋል። ድንኳኑ ውስጥ ግን ዝግጅቱ ቀጥሏል፤ እያንዳንዱ ዘፋኝ ትንሽ ደቂቃ ተሰጥቶት ይወጣል፣ ይወርዳል። ጓደኛዬ እስኪነጋ አልተነሣም። እኔ ወደ ወንዙ ዳር፣ ደራሲው ወዳረፈበት መቅደስ ሄድኩና ከፊት ለፊቱ የተቀመጠች የሴት ሐውልት አየሁ። ባንጋሎር ናጋራትናማ ናት።

ስለዚህች ሴት ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በ1878 ተወለደች፤ በቤተ መቅደስ ከሚዘምሩና ከሚጨፍሩ ዴቫዳሲዎች ወገን ናት፤ በድምፅዋ ሀብት አፍርታለች። በ1910 የአንዲት የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሴት ገጣሚ መጽሐፍ ሳይቆራረጥ ብታሳትም የእንግሊዝ መንግሥት አገደባት። ትያጋራጃ በ1847 ከሞተ በኋላ መቃብሩ ችላ ተብሎ ኖሮ፣ ወሬውን በ1921 ሰማች። ቦታውን ተደራድራ አገኘች፤ ጌጧንና ንብረቷን ሸጣ መቅደሱን አሠራች፤ በ1920ዎቹ አጋማሽ ተመረቀ። በዓሉን በየፊናቸው ያከብሩ የነበሩት ሁለት የወንዶች ቡድኖች ግን በመቅደሱ ሴት እንድትዘምር አልፈቀዱም። ያሠራችው እሷ፣ የተከለከለችው እሷ! ሴቶችን ሰብስባ ከመቅደሱ በስተኋላ ታዘምር ነበር። ቡድኖቹ ታርቀው በዓሉ አንድ ሲሆንና ሴቶችም ገብተው ሲዘምሩ 1940ዎቹ ገብተዋል። እሷም እዚያው ቲሩቫይያሩ ኖራ በ1952 አረፈች። የትያጋራጃ ስም በሰፈር፣ በማህበር፣ በየልጁ ላይ ሲወጣ አይቻለሁ፤ ያንን ስም በዚያ ወንዝ ዳር ከመጥፋት ያዳነችው እሷ ናት ብዬ አምናለሁ፤ የእሷ ስም ግን በየመንገዱ አልገጠመኝም።

እዚያ አገር ሰው ከስሙ በፊት ከተማውን ያስቀድማል፤ ባንጋሎር ናጋራትናማ እንደሚባለው ሁሉ፣ የደራሲው ደቀ መዝሙር ልጅም የደራሲውን ስም ሲወርስ ቲሩቮቲዩር ትያጋይያር ተብሎ ተለየ። እናንተም ወደዚያ የምትሄዱ ከሆነ እንዲሁ አድርጉ። ታንጃቩር መናኸሪያ ላይ ትያጋራጃ አትበሉ፤ ቲሩቫይያሩ በሉ፣ ደግማችሁ በሉ፣ በታሚል ፊደል አጽፋችሁ ያዙ። ስትደርሱም ከመቅደሱ ፊት ለፊት ስለተቀመጠችው ሴት ጠይቁ፤ ሰዎቹ ከዘነጓት ስሟን እናንተ ንገሯቸው።