የአቶ ፌርማታ አጭር የሕይወት ታሪክ

ውድ ወዳጅ ዘመዶች፣ የእድር አባላት፣ ከአዋሽ እስከ ደወሌ ያላችሁ ለቀስተኞች፤ የሟችን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ ታዝዣለሁ። የአፍደም ፀሐይ ለሞተም ላለም አታዝንምና ላሳጥረው።

አቶ ፌርማታ ከአባታቸው ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ ፈቃድ፣ ከእናታቸው ከፈረንሳይ ገንዘብ፣ በአዋላጃቸው በስዊሱ መሐንዲስ በሙሴ ኢልግ እጅ ተወለዱ። የጅቡቲ–አዲስ አበባ ባቡር ፈቃድ የተሰጠው በ1886 ዓ.ም. ነው፤ ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነው። ምጡ ረጅም ነበር። ሟች ትምህርት ቤት ደጃፍ ባይረግጡም ፈረንሳይኛ ይሞካክሩ ነበር፤ ለገሃር የሚለውን ቃል ለአዲስ አበባ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

ሥራቸው ምን ነበር? መቆም። 784 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው ሐዲድ ላይ ባቡሩን በየበረሃው ማስቆም። ባቡሩ ሲቆም ከተማ ይነሳል። ፉጨቱ ከሩቅ ሲሰማ ከጥላ ሥር የተኛው ሁሉ ይዘላል። አንዷ የተቀቀለ እንቁላል፣ አንዷ የግመል ወተት፣ አንዷ የኤረርን ብርቱካን በሰፌድ ይዛ በመስኮቱ ሥር ትሮጣለች። ከላይ ደግሞ ሦስት ቀሚስ ደራርባ የለበሰች ኮንትሮባንዲስት፣ ፊናንስ ሳይደርስባት አራተኛውን ለመልበስ ትታገላለች። ያ ግርግር የባቡር ከተሞቹን ሙሉን፣ አፍደምን፣ ጎታን፣ ኤረርንና ሁርሶን አበላ። የበኩር ልጃቸው ድሬዳዋ ግን ትልቅ ሰው ሆነች፤ ታናናሾቿን ስታይ ሰላምታ መስጠት ያቆመችው ገና ድሮ ነው።

የሞታቸውን ምክንያት በተመለከተ ብዙ ይወራል። እርጅና ነው የሚል አለ፤ ሐዲዱ ጠባብ፣ ባቡሩ አሮጌ፣ መለዋወጫው የማይገኝ። እውነት ነው። እኔ ግን ጣቴን የምቀስረው ሚኤሶ ላይ ነው። ከሚኤሶ በኋላ ሐዲዱ ቆላውን ይዞ ሲቀር፣ የመኪናው መንገድ ወደ ጨርጨር ደጋ ይወጣል። አውቶቡሱ ከነተሳፋሪው አሰበ ተፈሪ፣ ሂርና፣ ጨለንቆ፣ ቁልቢ እያለ ሄደ። ዛሬ ከደጋው ወርደው ሊያስተዛዝኑን የመጡት እነዚሁ ከተሞች ናቸው፤ ተመልከቷቸው፣ ሁሉም ወፍረዋል።

ሁለተኛው በትር በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ ያረፈ ነው። የአሰቡ ጭነት ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ እንግዲህ አለፈልን አልን። ከባድ መኪናው ግን አዋሽ ላይ ወደ ሰሜን ታጥፎ በሚሌና በገላፊ በኩል ይነጉድ ጀመር። ድሬዳዋን እንኳ ዞር ብሎ አላያትም። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ባቡሩ ከአዲስ አበባ መምጣቱን ሲያቆም ሟች አልጋ ያዙ።

ለፍትሕ ያህል፣ ሟችም ገዳይ ነበሩ። ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት ጊልዴሳ የምትባል ከተማ ነበረች። ሐዲዱ አልፏት ድሬዳዋ ላይ ሲያርፍ ግመሎቹ ተበተኑ፣ እሷም ከሰመች። ጊልዴሳን ማን አለቀሰላት? ሟች በሕይወት ሳሉ ስሟ ሲነሳ ወሬ ያስቀይሩ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. መስከረም ላይ የኤሌክትሪክ ባቡሩ ሲመረቅ፣ ቤተ ዘመድ «ትንሣኤ ነው» ብሎ እልል አለ። ልጅየው መጣ፤ ፈጣን ነው፣ ንጹህ ነው፣ ጨዋ ነው። የሚጭነው ግን በአብዛኛው ኮንቴይነር ነው፤ ኮንቴይነር ደግሞ እንቁላል አይበላም። የድሬዳዋው አዲስ ጣቢያ ራሱ ከከተማው ውጭ ነው።

«አገሩ እየከተመ እንዴት ከተማ ይሞታል?» የምትሉ እዚህ ድንኳን ውስጥ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የሚከትመው ሰው ሁሉ ከእርሻ የመጣ ይመስላችኋል? የአፍደሟ ብርቱካን ሻጭም አዳማ ገብታ ከተሜ ሆናለች። እዚያ አንድ ስትጨምር እዚህ አንድ ቀንሳለች፤ መዝገቡ ግን የጨመረችውን ብቻ ያያል። የሚገርመው፣ የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ ከመቶ 16ቱ ያህል ከተሜ ነበር፤ ባቡሩም ገና ይንፋቀቅ ነበር። ቀጣዩ ቆጠራ ደጋግሞ ተራዘመ። ስለዚህ አቶ ፌርማታ በመንግሥት ወረቀት ላይ አሁንም በሕይወት አሉ፤ ምናልባትም ግብር ይጠየቃሉ።

ውርስን በተመለከተ፦ ድንጋይ ግንብ ጣቢያዎች ለፍየሎች፣ ሐዲዱ ለብረት ሌባ፣ ሰዓት ማክበር ለማንም አልደረሰም፤ ከመጀመሪያውም አልነበራቸውም።

በመጨረሻ አንድ ማሳሰቢያ። ባቡሩ ሲነሳ ብርቱካን በመስኮት ተቀብላችሁ «ስመለስ እከፍላለሁ» ያላችሁ ተሳፋሪዎች፣ ሴትዮዋ አሁን የምትገኘው አዳማ መናኸሪያ አጠገብ ነው። ሒሳቡን ታስታውሳለች፤ ዋጋው ግን የዛሬው ነው።