ሎሚ፣ ማርና የጥር ፀሐይ

ሙሽራዋ የአክስቴ ልጅ ናት። ተወልዳ ያደገችው ሞጣ ነው፤ ሐሳቧ የሚያድረው ግን ስልኳ ውስጥ ነው። ሰርጓ ሲቃረብ ደወለችና የሚዜዎቿ ፀጉር በሙሉ ወርቅማ እንዲሆን መወሰኗን ነገረችኝ። «ፀጉር ቤት እንዳትሄጂ፣ ኬሚካል ነው። የሚያስፈልግሽ ሁሉ ማድ ቤታችሁ አለ» ብላ ታዝዘኝ ጀመር፤ ሎሚ ጭመቂ፣ ማር በጥብጪበት፣ ቀረፋ ጣል አድርጊ፣ ተቀቢና ፀሐይ ላይ ተቀመጪ። ሽንኩርቱስ መቼ ይገባል ልላት ምንም አልቀረኝም።

እኔ የምኖረው ቢቸና ከእናቴ ጋር ነው። እናቴ ለፀጉር የምታውቀው መድኃኒት ለጋ ቅቤ ብቻ ነው። የቀላ ፀጉር ስታይ ትዝ የሚላት ጌጥ ሳይሆን ችጋር ነው፤ በዚህ ደግሞ ሐኪሞችም አይቃወሟትም። ሆዱ በእህል ብቻ እየሞላ ሰውነት የሚገነባ ምግብ ያጣ ሕፃን ፀጉሩ ይሳሳል፣ ይቀላል፤ ኳሺዮርኮር የሚባለው በሽታ ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱ ይኸው ነው። «ሰው ከፍሎ ያስጠቁራል፣ አንቺ የተራበ ልጅ ልትመስዪ ነው?» አለች። ቀጠለችና በላይ ዘለቀን ጠራች። ቢቸና ውስጥ ክርክር ሲጠነክር በላይ መጠራቱ አይቀርም። በ1937 ዓ.ም. የተሰቀለ አርበኛ ከነጎፈሬው ተነስቶ ለኔ ፀጉር ምስክር ቆመ። ከእሱ ጋር ምን ብዬ ልከራከር? ዝም ብዬ ገበያ ወጣሁ። ጥምቀት በማለፉ ሎሚ ረክሷል።

የማሩ ነገር ጨርሶ ተረት አይደለም። ንብ ማሯ ላይ የምትጨምረው ኢንዛይም አለ፤ ማሩ በውሃ ሲቀጥን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያወጣል። ፀጉር ቤቶች ቀለም የሚያስለቅቁትም በዚሁ ነው። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። የፀጉር ቤቱ 6 ወይም 9 በመቶ ሆኖ፣ የፀጉሩን ልባስ ከሚከፍት አሞኒያ ጋር ይመጣል። የማሩ ከዚያ መቶኛ እጅ እንኳ አይሆንም። ድሮውንም ገብስማ ለሆነ የፈረንጅ ፀጉር ትንሽ ይረዳ ይሆናል። የኛ ፀጉር ግን ጥቁረቱን ከላይ አልተቀባውም፤ ዩሜላኒን የሚባለውን ቀለም ውስጡ ድረስ ጠቅጥቆ ይዞታል። በበጋ ከብት ሲያግድ የሚውል ልጅ ጫፍ ጫፉ የሚቀላው ወራት ሙሉ ተንቃቅቶ ነው።

ይህን ሁሉ ያነበብኩት በኋላ ነው። ያን ቀን በጥብጬ፣ ተለቅልቄ፣ ጓሮ ወጥቼ ተቀመጥኩ።

ጎረቤታችን ከጣሪያው ሥር ቀፎ ሰቅሏል። በጥር ደግሞ አደይ አበባ የለ፣ የማሳው አበባ የለ፤ ንብ የምትቀስመው አጥታ ትዞራለች። መጀመሪያ አንዲት መጣች። ጆሮዬ ሥር ዞር ዞር ብላ ሄደች፤ ሄዳ ምን እንዳወራች እንጃ፣ ዘመድ አዝማዱን ሰብስባ ተመለሰች። ነጠላዬን ተከናንቤ ማድ ቤት ስገባ እናቴ የሚጨስ ኩበት ይዛ ትጠብቀኛለች። ቀድማ ነው እንዴ ያቀጣጠለችው? እስካሁን አላመነችም። ንቦቹ ሄዱ፣ ጭሱ ፀጉሬ ውስጥ ቀረ።

ማሩን አጥቤ አስለቀቅሁና በሎሚው ብቻ ቀጠልኩ። ሎሚ ንብ አይጠራም። ጭማቂው በግንባሬ፣ በጆሮዬ ሥር፣ በአንገቴ እየወረደ ስቆነጠጥ ዋልኩ። መቆንጠጡን የመሥራቱ ምልክት አደረግሁት።

በማግስቱ መስታወት ፊት ስቆም ፀጉሬ እንደ ወትሮው ጥቁር ነው። ግንባሬም ደህና ነው። ወደ ሞጣ የተሳፈርኩ ዕለት ግን ደብረ ወርቅን ስናልፍ ግንባሬን በላኝ፤ ግንደወይን ስንደርስ ነደደ። አክስቴ ደጅ ላይ ተቀብላኝ ሦስቴ ልትስመኝ ጀምራ በአንዱ አቆመች። ሎሚው በፈሰሰበት መስመር ሁሉ ውሃ ቋጥሯል።

«ሞጣ ጊዮርጊስን! ምች ነው!» አለች። «ምን ሸቶሽ ነው ፀሐይ ላይ የወጣሽ?»

«ሎሚ።»

«ታዲያስ!»

ወዲያው ከጓሮ ዳማከሴ ቀጥፋ፣ በመዳፏ አሽታ ጨመቀችብኝ፤ አፍንጫዬም ውስጥ አንጠባጠበች። ቀዘቀዘኝ። ምች የሚባለውን ነገር የተማረ ሰው ሲስቅበት ሰምቻለሁ፣ ስቄበትም አውቃለሁ። ነገር ግን የሎሚ ጭማቂ ፉራኖኩማሪን የተባሉ ንጥረ ነገሮች አሉበት፤ ቆዳ ላይ ሆነው አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኛቸው ያቃጥላሉ። ቃጠሎው ቀን ሁለት ቀን ቆይቶ ይወጣል፤ ጥቁር ምልክት ትቶም ለሳምንታት፣ አንዳንዴ ለወራት ይቆያል። ይህ ንጥረ ነገር የሚበዛው ደግሞ ፈረንጆቹ በሚጨምቋት ትልቅ ቢጫ ሎሚ ሳይሆን በእኛዋ ትንሽ አረንጓዴ ላይ ነው። ፀሐዩም ያው አይደለም። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ያልፋሉ፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል። አክስቴ ይህን አላነበበችም፤ ሽታ ይዘሽ ፀሐይ አትውጪ የምትለው ከእናቷ ሰምታ ነው።

ሙሽራዋ ስታየኝ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ፀጉሬ ነው። ጠቁሮ ያደረው እሱ ሳይሆን ግንባሬ መሆኑን በዓይኗ አይታ አረጋገጠች። ደግነቱ ብቻዬን አልነበርኩም። አንዷ ሚዜ ምክሩን ትታ ፀጉር ቤት ሄዳ ብርቱካን ሆና መጥታለች፤ ሌላዋ ዊግ ገዝታለች። የተሳካላት ዊግ የገዛችዋ ናት።

አክስቴ ሰርጉ ዕለት ጠዋትም ዳማከሴውን አልተወችም። ቪዲዮ አንሺው ፊቴን ወደ ጥላ እያዞረ ደበቀልኝ፤ ሽታውን ግን ምን ያድርገው? ዳሱ ውስጥ ሽቶውን ሁሉ ረትቶ ወጣ። የሙሽራው አጎት የጠጅ ብርሌያቸውን ከአፋቸው አውርደው አሸተቱ።

«እዚህ ቤት የታመመ ሰው አለ እንዴ?»

አክስቴ በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመቻቸው። «ይህቺ ናት አያ፣ ሎሚ መትቷት ነው።»

ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«እሰይ! ማነው የወረወረው?»