የዋንዛው ገበቴ

ድሮ በጀማና በወንጪት መካከል፣ ከዓለም ከተማ ወጣ ብሎ ባለ አምባ ላይ 40 አባወራ የሚኖርበት መንደር ነበረ። መንደሩ አንድ የጋራ ገበቴ ነበረው። የእንጨት ጠራቢ የነበሩ አያት ዋንዛውን ገና እርጥብ ሳለ ፈልፍለው፣ እንዳይሰነጠቅ በጥላ አድርቀው፣ ቅቤ አጠጥተው የሰጧቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ሰንበቴ በደረሰ ቁጥር ሴቶቹ የድፎ ዳቦውን ሊጥ ያቦኩበታል፤ ሲጨርሱም በቅቤ አሽተው ከምድጃው በላይ ይሰቅሉታል። ቅቤው፣ ዱቄቱና ጭሱ ተደራርቦ ገበቴው ጠቁሮ ያብረቀርቃል። ከንፈሩ ላይ ያለችውን ስንጥቅ በጠፍር ሰፍተዋታል። ማታ የተቦካበት ሊጥ ሲነጋ አፉ ድረስ ይሞላል።

አንድ ቀን ከተማ ደርሶ የተመለሰ ሰው መንደሩን ሰብስቦ፣ «ይህ ጥቁር ዕቃ እንግዳ ፊት ያሳፍረናል፤ ይታደስ» አለ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። የገበቴ እድሳት ኮሚቴ ተመረጠና ሰውዬው ሰብሳቢ ሆነ።

አንዲት ባልቴት ተነሥተው፣ «ልጆቼ፣ እድፍ አይደለም እኮ፤ ቅቤው ነው። እንጨቱን የያዘው እሱ ነው» አሉ።

«እማማ፣ እርስዎ ይመርቁን እንጂ በሥራው አይድከሙ» ተባሉና ተቀመጡ።

ሰብሳቢው ገበቴውን በቢላ ፋቀው፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸው። ነጣ፤ እልል ተባለ። በሰንበቴው ዋዜማ ግን እንጨቱ ውሃውን ጠጣው፤ ሊጡም ተጣብቆ ሳይነሣ አደረ። ኮሚቴው ነገሩን መረመረና ያቦኩት ሴቶች ጥፋተኞች ሆነው ተገኙ። አንድ አንድ ቁና ስንዴ ተቀጡ።

ቅቤ ያጣው እንጨት ደርቆ ስንጥቁ ሰፋ። ኮሚቴው «ጠፍር ኋላ ቀር ነው» ብሎ ስፌቱን በጠሰ፤ ክፍተቱን በእስቱኮ ደፈነ፤ ቀይ ቀለም ቀብቶ ቫርኒሽ ደረበበት። ዳቦው ቀለም ቀለም ሸተተ፤ የበሉ ልጆችም ሆዳቸውን ይዘው አደሩ። ስብሰባ ተጠርቶ «ከእንግዲህ ዳቦ ይጋገራል እንጂ አይበላም» ተብሎ ተወሰነ። ቃለ ጉባኤው ላይም የመንደሩ ዳቦ ከመቼውም ይልቅ እንደተትረፈረፈ ተጻፈ።

ሰብሳቢው ተሻረ። ከታች ሰፈር የመጣው ተተኪ፣ «የመጀመሪያው ሥራችን የቀድሞውን ጥፋት ማስወገድ ነው» አለና ቀዩን ፍቆ ቢጫ ቀባ። እሱም ሲሻር የላይ ሰፈሩ መጣ፤ ቢጫውን ፍቆ ሰማያዊ ቀባ። ከቀለሙ ጋር እንጨቱም ተላጠ። ፍቅፋቂውን ሰፈርተኛው እየተሻማ በየቤቱ ቋጠረው፤ «እውነተኛው ገበቴ እኛ ጋ ነው» እየተባባለም በዱላ ተፈነካከተ።

ገበቴው ሳሳ። ኮሚቴው «የእናቶች ሸክም ቀለለ» ሲል ሪፖርት አቀረበ። ታቹ ተበስቶ ፀሐይ ገባበት። ኮሚቴው «አሁን ውስጡ ለሁሉም ግልጽ ሆኗል» ሲል ሪፖርት አቀረበ። በመጨረሻ ከንፈሩ ብቻ ቀረ፤ ሰብሳቢው በአንገቱ አጥልቆት በየበዓሉ ብቅ ይል ጀመር።

ፋሲካ ደረሰ። ማቡኪያ የጠፋባቸው ሴቶች ወንጪትን አሻግረው ወደ ጎረቤት መንደር ላኩ። አንድ ልጅ የእናቱን ገበቴ ተሸክሞ መጣ። ጥቁር ነው፤ ቅቤ ቅቤ ይላል። ሴቶቹ የተነፋውን ዱቄት ሊገለብጡበት ሲሉ ሰብሳቢው ደረሰ።

«ቆዩ! ይህ ቆሻሻ ዕቃ እንዲሁ አይገባም» አለና ብርጭቆ ወረቀቱን አወጣ።

ልጁ ደንግጦ፣ «ጋሼ፣ እናቴ እኮ ሲጨርሱ ዛሬውኑ ይዘህ ና ብላኛለች» አለ።

ሰብሳቢው ፍቆ ፍቆ፣ ቀና ሳይል፣ «መንደራችሁ ውስጥ ሌላ ስንት ገበቴ አለ?» ሲል ጠየቀው።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በዳቦ አብሱ።