ቡናው የተሰካበት ሶኬት

ካዛንቺስ ውስጥ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር የሚጠብቅ ሰው ሦስት ስም አለው። በደመወዝ መክፈያው ላይ «የሲስተም አስተዳዳሪ» ነው። በኮሪደሩ «አይቲው» ይባላል። ሲስተም የቆመ ዕለት ደግሞ «የታለ ያ ልጅ?» ይሆናል፤ ጢሙ ቢሸብትም ልጅነቱን የሚሽርለት የለም።

«ሲስተም የለም» የሚባለው ነገር በዚህ ከተማ ያለው ሥልጣን ይገርመኛል። ከማለዳ የተሰለፈ ባለጉዳይ መስኮቱ ጋ ሲደርስ «ኃላፊው የሉም» ቢሉት ይሟገታል፤ «ምክትላቸውስ?» ይላል፤ እከሌን አውቃለሁ ይላል። «ሲስተም የለም» ሲሉት ግን ወረቀቱን አጥፎ ይወጣል። ሲስተም ምክትል ይኑረው አይኑረው የሚጠይቅ የለም። የእኔ ሙያ እንግዲህ ያንን ምክትል ማዘጋጀት ነው።

በቅርቡ አንድ ወጣት ረዳት ተመደበልኝ። የሲስኮ ሰርተፍኬት አለው፣ ጫማው ንጹሕ ነው። «ጋሼ፣ ምን ምን ዕቃ ልግዛ?» አለኝ። ክሪምፐር፣ ኬብል ቴስተር፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ የማይለቅ ማርከርና ፕላስተር አልኩት። ላፕቶፕ እንድለው ጠብቆ ነበር መሰለኝ ፊቱ ቀዘቀዘ። ከዚያ የሽቦውን ቀለም ቅደም ተከተል በቃሉ አስጠናሁት፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ይህን እንደ ዳዊት የማይደግም ሰው ኬብል ባይነካ ይሻላል። ከስምንቱ ሽቦ አራቱን ብቻ አስሮ «ይሠራል» ብሎ ሂሳቡን ተቀብሎ የሚሄድ ባለሙያ ሞልቷል። እውነት ነው፣ በ100 ሜጋቢት ይሠራል። መሥሪያ ቤቱ በውድ ገንዘብ የጊጋቢት ስዊች ሲገዛ ነው ጉዱ የሚወጣው፤ ጊጋቢት ስምንቱንም ሽቦ ይፈልጋልና። ቴስተሯ ስምንት ጊዜ ብልጭ ካላለች ሂሳብ አይከፈልም፤ ይህ ሕጌ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የዩፒኤስ ጉዳይ ነው፤ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆየው ሣጥን። አንድ የሒሳብ ክፍል ዩፒኤስ ከሰዓት በኋላ፣ ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት ግድም፣ ጮኾ ጮኾ ይዘጋል። ባትሪው አዲስ ነው። መብራት አለ። ረዳቴ ቫይረስ ጠረጠረ። እኔ አፍንጫዬን ተከትዬ ሄድኩ፤ የተቆላ ቡና ይሸታል። ሥር ድረስ ብጎነበስ የጀበናው የኤሌክትሪክ ምድጃ ዩፒኤሱ ላይ ተሰክቷል። ዩፒኤሱ 650 ቪኤ የተጻፈበት ነው፤ በዋት ሲሰላ 400 እንኳ አይሞላም። ምድጃው ብቻውን 1000 ገደማ ይጠጣል።

«እማማ፣ ይሄ ሶኬት የኮምፒውተር ነው እኮ» አልኳቸው ቡና የሚያፈሉልንን እናት።

«ታዲያ የቱ ላይ ልሰካው ልጄ? ያኛው መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል!»

የዩፒኤስን ጥቅም ከግዢ ኮሚቴው በላይ የተረዱት እሳቸው ናቸው። «ለኮምፒውተር ብቻ» ብዬ ለጠፍኩ፤ ከወረቀቱ ሥር ሰኩ። በመጨረሻ ያዳነን ዕቃው ራሱ ነው። መውጫው የግድግዳ ሶኬት ሳይሆን የኮምፒውተር ገመድ ብቻ የሚገባበት ዓይነት ዩፒኤስ አለ፤ የምድጃ ሶኬት ቢታገል ቢታገል አይገባበትም። ቀጣዩ ግዢ ያ ሆነ። ለእማማም ከግድግዳው ለብቻ መስመር ተዘረጋላቸው፤ ሰላም ወረደ፣ ቡናውም አልቀረብን።

ባትሪው ራሱ ዕድሜ አለው። ያ ባለ12 ቮልት እርሳስና አሲድ ከ3 እስከ 5 ዓመት ቢያገለግል ነው፤ ሙቀት ላይ ከሆነ ከዚያም ያንሳል። የተገዛበትን ቀን በማርከር ላዩ ላይ ጻፉበት። ለመተካት ደግሞ ደብዳቤ መጻፍ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህን የትኛውም ሰርተፍኬት አያስተምርም። «ጉዳዩ፦ የባትሪ ግዢን ይመለከታል» ብለህ «ለአሠራር ምቹነት» ካልክ መዝገብ ቤት ይቀበራል። «ሲስተሙ በተቋረጠ ቁጥር የደመወዝ ዝግጅት ይዘገያል» ካልክ በዕለቱ ይፈረማል። ሦስት ፕሮፎርማ አባሪ ይሁን። ረዳቴ ይህችን በደብተሩ ሲጽፍ አየሁት፤ ይህ ልጅ ያድጋል።

ዩፒኤስ መቼም ጄኔሬተር እስኪነሳ ነው። የጄኔሬተሩ ቁልፍ ያለው ዘበኛው ጋሼ ኪስ ውስጥ ነው። ጥር 22 ቀን ጋሼ ዑራኤል ንግሥ ላይ ናቸው፤ ቁልፉም አብሮ ያነግሣል። ስለዚህ በኔትወርክ ሥዕላችን ላይ ከራውተሩም ከፋየርዎሉም በላይ የጋሼ ስልክ ቁጥር ተጽፏል። ቁልፉም አሁን ምክትል አለው።

መስመርም እንዲሁ። የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስን አፍርሶ ሲሠራ ስንት ነገር ከመሬት ወጣ፤ ኤክስካቫተር ደግሞ ፋይበር ይሁን የዛፍ ሥር አይለይም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አገሪቱ ሁለት የቴሌኮም ኩባንያ አላት፤ እንግዲያው የአንዱ ፋይበር ቢቆረጥ የሌላው ሲም ያለበት ራውተር አጠገቡ ይቀመጥ።

የሰዓቱ ነገር ሌላ ጉድ ነው። ከእኔ በፊት የነበረ ሰው ባክአፑ «ሌሊት 8 ሰዓት» እንዲጀምር ታዞ 08:00 ብሎ ሞልቶት ኖሯል። የኮምፒውተሩ 08:00 የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ሠራተኛው ፈርሞ ሲገባ ባክአፑም አብሮ ሥራ ይጀምራል። ለዓመታት «ሲስተሙ ጠዋት ጠዋት ይከብደዋል» ሲባል ኖረ፤ ቁርስ ያልበላ ይመስል። 02:00 አልኩት፤ ተፈወሰ። ዘመን አቆጣጠሩም እንደ ሰዓቱ ነው፤ ፈረንጆቹ የእነሱ 2000 ሲገባ ኮምፒውተር ያብዳል ብለው አንድ ጊዜ ፈሩ፤ የእኛ 2000 ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ቆይቶ ሲገባ ያን ሁሉ ፍርሃት ያስታወሰ አልነበረም፤ በጭፈራ ተቀበልነው።

ሰፈሩ ለዚህ ሙያ ባዳ አይደለም። ኢንተርኔት እ.ኤ.አ. በ1997 በይፋ ሳይገባ በፊት፣ እዚሁ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የሚባለው ክፍል ፊዶኔት በሚሉት ዘዴ ኢሜይል ያመላልስ ነበር። ደብዳቤው ይጠራቀማል፤ ከዚያ ሞደሙ እየጮኸ በስልክ ደውሎ የመጣውን ተቀብሎ የሚሄደውን ይሰዳል። በዚያን ጊዜ «ኢሜይሌ አልደረሰም» ላለ «ሞደሙ ገና አልደወለም» ማለት ይቻል ነበር። እንዴት ያለ የተባረከ ዘመን! ዛሬ ሦስት ሰከንድ ከዘገየ ኃላፊው ደጃፌ ላይ ናቸው።

አሜሪካዊው ቴድ ኬካቶስ እ.ኤ.አ. በ2000 የሲስተም አስተዳዳሪዎች ምስጋና ቀን የሚሉትን ጀመረ፤ የጁላይ የመጨረሻው ዓርብ ነው። በ2016 ዓ.ም. ያ ዓርብ ከሐምሌ 19 ጋር ገጠመ፤ ቅዱስ ገብርኤል ሕፃኑን ቂርቆስን ከነእናቱ ከፈላው ውኃ ያወጣበት ዕለት። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ኤር ኮንዲሽነሩ በተበላሸ የሰርቨር ክፍል ውስጥ ለሚውል ሰው ይህ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ኃላፊው ዘንድ ገብቼ ነገሩን ከነትርጓሜው አስረዳሁና ለክፍላችን አንዲት ኬክ ቢታዘዝ ምን ይመስላቸው እንደሆነ በትሕትና ጠየቅኋቸው። አዳመጡኝ፤ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጥሩ ሐሳብ ነው» አሉ። «ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ።»