ወንበር በማኪያቶ

የሚኒስትር ወንበር ክፍት በሆነ ቁጥር የሰፈራችን ካፌ ውርርድ ይደራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 74 ዕጩዎቹን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባል፣ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቃል ይላል። እኛ ግን ከሁለቱም ቀድመን ሾመን፣ አስምለን፣ ከቀናንም ገምግመን እናድራለን። ማስረጃችን ጠንካራ ነው፤ አንድ ጡረተኛ ጋሼ «የሰውየውን ሹፌር የሚያውቅ ዘመድ አለኝ» ብለው ሦስት ማኪያቶ አስይዘዋል። (ሹፌሩም የሰማው ከካፌ ይመስለኛል።)

ጥቅምት 2011 ላይ ካቢኔው ወደ 20 ወርዶ ግማሹ ሴቶች ሲሆኑ ካፌው በሙሉ ተበላ፤ ደርድረን የነበረው የወንድ ስም ብቻ ነዋ! ያም ሆኖ ውርርዱ አልቆመም። እስካሁን አንድም ጊዜ ያልተበሉት የካፌው ባለቤት ብቻ ናቸው። ተወራርደው አያውቁም፤ ማኪያቶ ይሸጣሉ።