ስለሚከሽፍ አፕዴት፦ ሶደሬን መነሻ ያደረገ ትንታኔ

ስርዓተ ክወና፣ ማለትም የኮምፒውተሩን አካላትና በላዩ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያዝዝና የሚያግባባ መሠረታዊ ሶፍትዌር፣ በየጊዜው መታደስ እንዳለበት በዘርፉ ሊቃውንት ዘንድ ክርክር የለም። ክርክሩ የሚነሳው ይህ እድሳት፣ በሕዝቡ አጠራር አፕዴት፣ ዕድሜው ከአሥር ዓመት ባለፈ ላፕቶፕ ላይ ተጀምሮ፣ ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአዋሽ ዳር በምትገኘው በፍል ውሃዋ ሶደሬ፣ ሠላሳ በመቶ ላይ ሲደርስ ቀጥ ያለ እንደሆነ ነው። በዚህ ጊዜ በላፕቶፑ ዙሪያ የሚሰበሰበው ሸንጎ በሦስት ጎራ ይከፈላል፤ የመጀመሪያው ጎራ ነገሩን ሁሉ ለቫይረስ ይሰጣል፣ ሁለተኛው ለመብራት ይሰጣል፣ ሦስተኛውና በተከታይ ብዛት አንደኛ የሆነው ግን መንስኤ መፈለግን ጊዜ ማባከን አድርጎ ስለሚቆጥር «ፎርማት ይደረግ» የሚል ፍርድ ሰጥቶ ወደ ቡናው ይመለሳል። ሦስቱም ጎራዎች ያልጠየቁት ነገር፣ አፕዴቱን ያዘጋጁት ሰዎች ላፕቶፑ የት ይኖራል ብለው ገምተው እንደነበር ነው።

የአፕዴቱ አሠራር በመጠኑ መብራራት አለበት። ማሽኑ በመጀመሪያ የአዲሱን ስርዓት ጥቅል፣ በትልልቆቹ እድሳቶች ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ3 ጊጋ ባይት የሚበልጠውን፣ ከኢንተርኔት ያወርዳል፤ ቀጥሎ ጥቅሉን ፈትቶ ከአሮጌው ስርዓት ጎን ያስቀምጣል፤ ከዚያም ጠፍቶ ሲነሳ፣ አሮጌውም አዲሱም ስርዓት በማይሠራበት ጊዜያዊ ሁኔታ ውስጥ ሆኖ ፋይሎቹን ይቀያይራል። ነዋሪው ሳይወጣ ቤት እንደሚያድስ አናጺ፣ የድሮውን ግድግዳ የሚጥለው አዲሱ መቆሙን ካየ በኋላ ነው። በመካከሉ አንድ ነገር ከተጓደለ ግን የሠራውን ሁሉ ይሽርና ለውጦቹ እየተቀለበሱ መሆናቸውን በማያ ገጹ ላይ ጽፎ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሸንጎው ይህን እንደ ሽንፈት ቢቆጥረውም፣ በዚህ ጽሑፍ አቋም ከጠቅላላው ሂደት ውስጥ የብልህ ሥራ የሚባለው ይህ ብቻ ነው፤ ያልተሳካለትን ሳይከራከር ትቶ፣ ያፈረሰውን መልሶ ሠርቶ፣ ማንንም ሳይወቅስ የሚቀመጥ ከላፕቶፑ በስተቀር በዚያ ክፍል ውስጥ አይገኝም።

አዘጋጆቹ ከሁሉ አስቀድመው የገመቱት መብራት እንደማይሄድ ነው። «ኮምፒውተርዎን አያጥፉ» የሚለውን ማሳሰቢያ የጻፈው ሰው፣ ማጥፋት በባለቤቱ እጅ ያለ ሥልጣን መስሎታል። ሶደሬ በዚህ ረገድ የሚያስገርም አቀማመጥ አላት፤ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1960 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የቆቃ ማመንጫ 43 ሜጋ ዋት ይዞ ከወንዙ ሽቅብ ሲገኝ፣ በ1966 እና በ1971 እ.ኤ.አ. የተጨመሩት አዋሽ 2 እና አዋሽ 3 ደግሞ እያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት ይዘው ከአዋሽ መልካሳ ብዙ ሳይርቁ ተተክለዋል። የአንድ ላፕቶፕ ቻርጀር በተለምዶ 65 ዋት ስለሚስብ፣ አዋሽ 2 ብቻውን በሙሉ አቅሙ ቢሠራ በወረቀት ላይ 490 ሺህ ያህል ላፕቶፖችን ያንቀሳቅሳል። ነገር ግን የሚመነጨው ኃይል ወደ አገር አቀፉ መረብ ገብቶ ለሁሉ የሚከፋፈል እንጂ ለጎረቤት ቅድሚያ የሚሰጥ ስላልሆነ፣ ተርባይኑን በሚዘውረው ወንዝ ዳር ባለ ቤት መብራት መሄዱ የትኛውንም የፊዚክስ ሕግ አይጥስም። አዲስ ላፕቶፕ ይህን በባትሪው ያልፈዋል፤ የአሮጌው ባትሪ ግን ከስም ያለፈ አገልግሎት ስለማይሰጥ፣ ገመዱ እንደተነቀለ ማሽኑም አብሮ ይሰናበታል። በዚህ ላይ ማይክሮሶፍት ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወርሃዊ የደኅንነት አፕዴቱን የሚለቅበት የወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ፣ በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሲሆን፣ በሶደሬ እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ይውላል፤ ይኸውም ምድጃው፣ ቴሌቪዥኑና አምፖሉ በየቤቱ በአንድነት የሚበሩበት ሰዓት ነው።

የሙቀቱ ነገር ብዙ አያነጋግርም። ከአዲስ አበባና ከአዳማ ለቅዳሜና እሑድ የሚመጣው እንግዳ መገጣጠሚያውን በፍል ውሃው ሲያሽ፣ አቧራ የዋጠው የላፕቶፕ ማራገቢያ ግን ከዚሁ አየር የሚያገኘው ፈውስ የለም፤ የውስጡ ፕሮሰሰር ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ አፕዴቱም የተሰቀለ እስኪመስል ይዘገያል። ከብርድ ልብስ ላይ አንስቶ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥና ማራገቢያውን ማስጠረግ ይበቃል። የመዝናኛው ጦጣዎች ከጎብኚ እጅ ምግብ በመንጠቅ የታወቁ ቢሆኑም፣ የመጫኛ ፍላሽ ወስደው ስለመሰወራቸው የተረጋገጠ ማስረጃ ስላልቀረበ፣ በመንስኤነት መጥቀሱ ለጊዜው ይቆይ።

ከሁሉ የከበደው፣ የሦስቱም ጎራ ሊቃውንት ግን ዞር ብለው ያላዩት፣ የጊዜ ጉዳይ ነው። ዊንዶውስ 10 «የሥራ ሰዓት» የሚባል ደንብ አለው፤ ባለቤቱ ሥራ ላይ የሚሆንበትን ሰዓት ሲያስመዘግብ ማሽኑ በዚያ ጊዜ ውስጥ ለአፕዴት ብሎ ራሱን እንደማያጠፋ ቃል ይገባል። ከፋብሪካው የሚመጣው ምዝገባ ከ8 እስከ 5 ይላል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ሲነበብ በትክክል ከጠዋቱ 2 እስከ ማታ 11 ሰዓት፣ ማለትም የኢትዮጵያ የቢሮ ሰዓት ገደማ ነው። በሶደሬ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ሒሳብ የሚይዝ ሰው ግን ይህን ሲያይ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ሥራ ጀምሮ 5 ሰዓት ላይ የሚወጣ ሠራተኛ ከየት መጣ ብሎ ይገረምና፣ ስህተቱን ለማረም «ከ2 እስከ 11» ብሎ ይሞላል። ማሽኑ ያረመውን በታማኝነት ይቀበላል፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮ ዘብ ሲጠብቅለት ያድርና፣ ልክ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ግዴታው ያበቃል። ሒሳብ ያዡ ለምሳ ሲነሳ ማሽኑም ነጻ መሆኑን አይቶ አፕዴቱን ይጀምራል፤ ባለቤቱ ሽሮውን ጨርሶ ሲመለስ ሠላሳ በመቶ ይጠብቀዋል። ከላፕቶፑ ይልቅ እዚህ ላይ መመርመር የሚገባው ቀኑ ከንጋት ይጀምራል የሚል ሕዝብ ቀኑ ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል ከሚል ማሽን ጋር ያለ አስታራቂ አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጡ ነው።

የሰዓቱ ጠብ ምሳ ሲያበላሽ፣ የዓመተ ምሕረቱ ጠብ አፕዴቱን ከነአካቴው ይዘጋዋል። በየላፕቶፑ ማዘርቦርድ ላይ፣ ማሽኑ ጠፍቶም ቢሆን ቀንና ሰዓት እንዲቆጠር የምታደርግ ሳንቲም የምታህል ባትሪ አለች፤ በእርጅና ስታልቅ ማሽኑ በበራ ቁጥር የተሠራበትን ዘመን እያሰበ ይነሳል። ባለቤቱም ቀኑን በእጁ መሙላት ይጀምራል፤ ወሩንና ቀኑን ከስልኩ ላይ አይቶ በትክክል ከሞላ በኋላ፣ ዓመቱን ግን ማንንም መጠየቅ ሳያስፈልገው ከልቡ 2018 ይላል። አፕዴቱ የሚመጣበት መሥመር ደግሞ ዲጂታል ምስክር ወረቀት በተባለ የማንነት ማረጋገጫ የሚጠበቅ ነው፤ ምስክር ወረቀቱ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል፣ ማሽኑም ያንን ከራሱ ቀን ጋር ያስተያያል። በ2025 እ.ኤ.አ. የተሰጠ ምስክር ወረቀት በ2018 ለሚኖር ላፕቶፕ ገና ያልተወለደ ሰው መታወቂያ ስለሆነ፣ ማሽኑ አጭበርባሪ መጣብኝ ብሎ በሩን ይዘጋል። ባለቤቱ ኔትወርክ የለም ይላል፣ ጎረቤቱ የኢንተርኔት ጥቅል ግዛ ይለዋል፣ ጥቅሉ ይገዛል፣ በሩ ግን እንደተዘጋ ይቆያል። መድኃኒቱ ያቺን ባትሪ ማስቀየርና፣ የሃይማኖትም ሆነ የብሔራዊ ስሜት ጉዳይ ሳያደርጉት፣ ለማሽኑ የፈረንጁን ዓመት መስጠት ነው።

የዲስክ ቦታ ጥበት ከሰዓቱ ቀጥሎ የሚመጣ ሲሆን፣ በዚህ ረገድ ጥፋቱ ሁልጊዜ የባለቤቱ እንዳልሆነ የሚያሳይ የታወቀ ታሪክ አለ። በ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ 30 ቀን፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 9 ቀን 2024፣ የተለቀቀው የዊንዶውስ 10 የደኅንነት አፕዴት በብዙ አገሮች በሚገኙ ማሽኖች ላይ ዜሮ ኤክስ 80070643 የሚል የስህተት ቁጥር እያወጣ ከሸፈ። አፕዴቱ የሚጫነው የማዳኛ ክፍል በሚባለው፣ ማለትም ስርዓቱ ሲበላሽ ለጥገና በሚነሳውና ከባለቤቱ ዓይን በተሰወረው የዲስክ ክልል ውስጥ ሲሆን፣ በዚያ ክልል 250 ሜጋ ባይት ባዶ ቦታ ያስፈልገው ነበር፤ ክልሉን ሲጫን አጥብቦ የሠራው ግን ራሱ ዊንዶውስ ወይም ማሽኑን የሸጠው ፋብሪካ ነበር። በሌላው የዲስኩ ክፍል 100 ጊጋ ባይት ባዶ ቢኖር እንኳ አጥር ስላለ አይጠቅምም። ባለቤቱም ለቦታ ሲል የልጁን የሠርግ ቪዲዮ አጥፍቶ፣ ያው ቁጥር ተመልሶ ሲመጣ ያያል። ማይክሮሶፍት ያቀረበው መፍትሔ ደንበኛው በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ገብቶ የዲስኩን ክልሎች በእጁ እንዲያሰፋ የሚል ነበር፤ ዲስክ መሸንሸን ከመሬት ሽንሸና የሚለየው ተሳስቶ አቤት ማለት ባለመቻሉ ስለሆነ፣ ምክሩን የተከተለው ሰው ጥቂት ቢሆን አይገርምም።

ይህ ሁሉ ሲያቅት ላፕቶፑ በከረጢት ሆኖ በመልካሳ በኩል ወደ አዳማ ይጓዛል። የጥገና ሱቁ ወጣት ማሽኑን ሳያበራ «ጋሼ፣ ውስጡ ዳታ አለው?» ብሎ የሚጠይቀው ጥያቄ በዘርፉ ከሚነገሩት ሁሉ ጥልቁ ነው፤ «የለውም» ማለት ለፎርማት፣ ማለትም ዲስኩን ጠርጎ ስርዓቱን እንደ አዲስ ለመጫን፣ የተሰጠ ፈቃድ ነውና። ከፎርማት በኋላ ማሽኑ ጥሩ ይሠራል፤ ያጣው ነገር የሚታወቀው አንድ ሳምንት ዘግይቶ፣ በአሮጌ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራም የተጻፈ የማኅበር ደብዳቤ ሲከፈት ነው። ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት የጋራ ቁጥር ለግዕዝ ፊደል ቦታ የሰጠው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የተነደፉት ፕሮግራሞች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ወንበር ላይ ያስቀምጡት ስለነበር፣ የፊደሉ ቅርጽ ከማሽኑ ሲጠፋ ሊቀ መንበሩ የፈረሙበት ቃለ ጉባኤ የላቲን ፊደላት ትርምስ ሆኖ ይወጣል። በዩኒኮድ የተጻፈውም ቢሆን ከመናወጥ አይድንም፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ የተሰኘው የፊደል ቅርጽ በዊንዶውስ 10 በምርጫ የሚጨመር በመሆኑ፣ ሳይጨመር ከቀረ ጽሑፉ በሌላ ቅርጽ ተተክቶ ገጹ ይገፋፋል፣ የፊርማው ቦታም ወደ ቀጣዩ ገጽ ይሸሻል።

አፕዴት ከመጀመሩ በፊት ፋይሎችን በሌላ ዲስክ ላይ መገልበጥ እንደሚገባ ለማሳመን ከሶደሬ መውጣት አያስፈልግም ይባል ይሆናል፤ ያም ሆኖ ኦክቶበር 2 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. የተለቀቀው የዊንዶውስ 10 እድሳት፣ በተጫነባቸው በአንዳንድ ማሽኖች ላይ የባለቤቶቹን ፋይሎች ጠራርጎ በማጥፋቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስርጭቱ ታግዶ እስከ ኖቬምበር አጋማሽ መቆየቱ መታወስ አለበት። ከግልበጣው በኋላ የሚመጣው ሥራ እንደሚፈራው አይደለም፤ ፕሪንተሩንና የተሰካውን ፍላሽ ሁሉ ነቅሎ፣ ቀኑን አስተካክሎ፣ በስርዓቱ ዲስክ ላይ ቢያንስ 20 ጊጋ ባይት ባዶ ቦታ አበጅቶ፣ በከፊል ወርዶ የተበላሸውን የአፕዴት ጥቅል ከጊዜያዊ ማከማቻው አጽድቶ እንደገና መሞከር ብዙውን ክሽፈት ያቃናል። ኢንተርኔቱ ለ3 ጊጋ ባይት የማይበቃ ከሆነም፣ አዳማ ላይ ፈጣን መሥመር ካለው ዘመድ ቤት በ8 ጊጋ ባይት ፍላሽ ላይ መጫኛውን ከማይክሮሶፍት አውርዶ መምጣት፣ ሌሊቱን ሙሉ በጥቅል ከማውረድ ይሻላል። ስህተቱ ዜሮ ኤክስ ሲ1900101 በሚል ከጀመረ ግን ጥፋቱ በአብዛኛው የድራይቨር፣ ማለትም ስርዓቱን ከአንድ የማሽኑ አካል ጋር የሚያነጋግር አነስተኛ ፕሮግራም፣ ስለሆነ ዲስክ ማጽዳቱ ብቻውን ፋይዳ የለውም፤ ለአሮጌ የስክሪን ካርድ ደግሞ አዲስ ድራይቨር የሚጽፍ ፋብሪካ ማግኘት ጡረታ የወጣ ሠራተኛን ለስብሰባ ከመጥራት አይቀልም።

የእነዚህ ላፕቶፖች የወደፊት ዕጣም በሕግ ደረጃ የተወሰነ ይመስላል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት 4 ቀን፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ አቁሟል፤ የተመዘገቡ ሰዎች የደኅንነት አፕዴቱን ለተጨማሪ አንድ ዓመት እንዲያገኙ ቢፈቅድም፣ ተተኪው ዊንዶውስ 11 ምስጢራዊ ቁልፎችን የሚይዝ ልዩ ቺፕና ከሞላ ጎደል ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ ዊንዶውስ 7 ይዞ የተወለደ ማሽን በደጁ አያልፍም። ይህ ውሳኔ የሚመለከተው ግን ቀኑ በትክክል የተሞላለትን ላፕቶፕ ነው። ባለቤቱ ዓመቱን 2018 ብሎ የሞላለት የሶደሬው ላፕቶፕ በዚያች ዕለት ገና ኦክቶበር 14 ቀን 2018 ላይ ስለነበር፣ በእሱ ቆጠራ የዊንዶውስ 10 ዘመን ሊያበቃ ሰባት ዓመት ሙሉ ይቀረዋል፤ የሚያሰጋው ነገር ቢኖር ያ ፋይል ጠራጊ እድሳት ከወጣ 12 ቀኑ ብቻ መሆኑ ነው፣ እሱም ቢሆን በሩ ስለተዘጋ አይገባም።